ሾጉኑና የካዛንቺስ ዕድር

ጃፓንን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። አንድ ገጽ ሳያነብ፣ አንድ ጃፓናዊ በዓይኑ ሳያይ፣ ጃፓን ትናንት ከእኛ እኩል እንደነበረች ግን እንደ ጸሎት በቃሉ ይወጣዋል። ካላመናችሁኝ ታክሲ ውስጥ ገብታችሁ «ውሃ ከጠፋ ሰነበተ» በሉ። ከኋላ ወንበር አንድ ጎልማሳ ጉሮሮውን ይጠርግና «ጃፓን እኮ ከእኛ እኩል ነበረች» ይላችኋል። መቼ? አይነግራችሁም። በምን? እሱንም አይነግራችሁም። ውሃውን ከጃፓን ጋር ምን አገናኘው ብላችሁ ከጠየቃችሁት ደግሞ «የዛሬ ልጆች ታሪክ አታውቁም» ይልና «ወራጅ አለ» ብሎ ይወርዳል።

ይህን ወሬ የሚያወሩ ሰዎች የሚያዝኑ ይመስለኝ ነበር። ልብ ብዬ ሳያቸው ግን አያዝኑም፤ እንዲያውም ይጽናናሉ። አንድ ጊዜ እኩል ከነበርን አሁን መድከም ለምን ያስፈልጋል? ደርሰንበት፣ ዞር ዞር ብለን አይተነው፣ አልተመቸንም ብለን ተመልሰናል ማለት ነው...

እኔ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህር ሲገባ ብድግ የምል፣ ታላቅ ሲናገር የማላቋርጥ፣ ያልገባኝንም ነገር አንገቴን እየነቀነቅሁ የማዳምጥ ልጅ ነኝ። የጃፓንንም ወሬ እንዲሁ አንገቴን እየነቀነቅሁ ነው ያደግሁት። የተለወጥሁት ሰፈራችን ካዛንቺስ ለልማት ተነስቶ እኔና እናቴ ገላን በኩል ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ ነው። ከገላን እስከ መሀል ከተማ ያለውን መንገድ የሚያውቀው ያውቀዋል። የአውቶቡስ ሰልፍ ላይ ቆሜ ማሰብ የሚቻለውን ሁሉ አስቤ ስጨርስ፣ ሌላ የሚሠራ ነገር ስለጠፋ ማንበብ ጀመርሁ።

መጽሐፉን ያገኘሁት መስቀል አደባባይ አጠገብ ላስቲክ ዘርግቶ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ሰው ነው። ሽፋን የለውም። መግቢያውም መጨረሻውም ተቀዷል።

«ስለ ምንድን ነው?» አልሁት።

«ስለ ጃፓን ታሪክ።»

«መጨረሻው የለም እኮ።»

«መጨረሻውማ የታወቀ ነው» አለኝ፣ በአደባባዩ ወደሚርመሰመሱት መኪናዎች በአገጩ እያሳየኝ። «ያውልህ፣ መንገዱን ሞልቶታል።»

እናም አነበብሁ። ምን አገኘሁ መሰላችሁ? እኩል ነበርን በምንልበት ዘመን፣ ገና ነጭ በመርከብ መጥቶ በራቸውን ሳያንኳኳ፣ ዛሬ ቶኪዮ የምንላት ኤዶ ከዓለም ትልልቅ ከተሞች አንዷ ነበረች። መጽሐፍ በጀርባው አዝሎ ቤት ለቤት እየዞረ የሚያከራይ ነጋዴ ነበራት። የተራ ሰው ልጅ በየመንደሩ ማንበብና ሒሳብ ይማር ነበር። ኦሳካ በምትባል ከተማ ደግሞ ነጋዴዎች ገና ያልታጨደ ሩዝ ይሻሻጡ ነበር። እኛ ብንሆን «ላም አለኝ በሰማይ» ብለን ተርተንበት ወደ ጉዳያችን እናልፍ ነበር፤ እነሱ ግን ገበያ አቆሙበት። በአጭሩ፣ «እኩል ነበርን» የሚለው ወሬ የአውቶቡስ ሰልፍ ላይ እጄ ላይ ሞተ። ለቀብሩ ግን ከእኔ በቀር የመጣ ሰው የለም።

አንድ ቀን አጠገቤ ለተቀመጠ ተሳፋሪ ይህንኑ በትሕትና ላስረዳው ሞከርሁ። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠኝ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «አየህ ወንድሜ» አለኝ፣ «አንተ አንብበህ ነው። እኔ ግን አውቄ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አልሁ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ዝም እንዳልሁ ብቀር ዛሬ በአልጋዬ ላይ እተኛ ነበር። ግን የእናቴ ዕድር መጣ።

የእናቴ ስም ጽጌ ነው። በካዛንቺሱ ዕድር ውስጥ እኔ ሳልወለድ ጀምራ አባል ናት። አባቴን የቀበረው ይህ ዕድር ነው። ያን ጊዜ ድንኳን የተተከለበት ግቢ ዛሬ አስፋልት ሆኗል፤ መኪና በላዩ ሲያልፍ እናቴ ፊቷን ታዞራለች። ለዚህ ነው ገላን ጎረቤቶቿ አዲስ ዕድር ሲያቋቁሙ «ግቢልን» ቢሏት እሺ ያላለቻቸው። «ያባትህን ሬሳ የተሸከመ ሰው ነው የኔንም የሚሸከመው» ትለኛለች። «እዚህ ማን ያውቀኛል? ስሞት እንኳ የኮንዶሚኒየሙን ቁጥር ጠርተው ነው የሚያለቅሱልኝ።»

ችግሩ ዕድር ሕግ አለው። ቀብር ላይ የማይደርስ፣ ድንኳን በመትከል የማያግዝ አባል መጀመሪያ ይመከራል፣ ቀጥሎ ይገሠጻል፣ በመጨረሻ ይሰረዛል። የቀድሞው ካዛንቺስ ሰው ደግሞ እንደ ጤፍ ተበትኗል። ጠዋት በስልክ መርዶ ይመጣል፤ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየተጣደፈች ትወጣለች፤ ስትደርስ ሰዉ እጁን ታጥቦ፣ ንፍሮ ቀምሶ እየተበተነ ነው። ምክሩም ተግሣጹም አልፎ፣ ስሟ ይሰረዝ ወይስ አይሰረዝ የሚለው ለእሁድ ስብሰባ ተቀጠረ።

እሁድ ጠዋት እናቴ «ጉልበቴን» አለች። የእናቴ ጉልበት ብዙውን ጊዜ እሁድ ነው የሚያማት።

«አንተ ሂድልኝ። ተምረሃል፤ ተናገርልኝ።»

«ምን ልበላቸው?»

«የሚያስደስታቸውን።»

ይህን ለእኔ መንገር ለዳክዬ ዋኚ እንደማለት ነው።

ስብሰባው የዕድሩ ዕቃ በሚቀመጥበት ክፍል ነው። ቂርቆስ ውስጥ፣ ከሚፈርሰው ወሰን ወዲህ በመሆኑ ብቻ የተረፈ ጭቃ ቤት ነው። ድንኳኑ በአንድ ጥግ ተጠቅልሏል፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ተደራርበዋል፤ ድስቶቹ አፋቸውን ደፍተው ተሰልፈዋል። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ተፈራ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት አሳልፈው ጡረታ የወጡ፣ ሁለት ሰው ባለበት ሁሉ የሰብሳቢ ወንበር የሚፈልጉ ሰው ናቸው። በቀኛቸው ቄራ በኩል የቆዳ ንግድ ያላቸው ጋሽ ከድር፣ በግራቸው የድስቶቹ ኃላፊ እትዬ ዘነበች ተቀምጠዋል። ሌላው አባል አግዳሚው ላይ ተደርድሯል።

«የጽጌ ጉዳይ» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ቀብር አትመጣም፣ አይደለም?»

«ኧረ ትመጣለች» አሉ እትዬ ዘነበች። «እኔ ድስት ሳጥብ ነው የምትደርሰው። ባለፈው ቆማ እዬዬ አለች፤ ሰዉ ሁሉ ሄዷል፤ ለማን እንደምታለቅስ ግራ ቢገባኝ ድስት አቀበልኋት።»

«አጠበችው?» አሉ ጋሽ ከድር።

«እያለቀሰች አጠበችው። አጥርታ ነው ያጠበችው፤ እሱን አልክድም።»

«እንግዲያማ አባል ናት። ጋሽ ተፈራ፣ ሰዉ እኮ ወዶ አልሄደም። ይታሰብ እንጂ።»

«ከድር፣ ሕግ ሕግ ነው። ማለቴ... ሬሳ የአውቶቡስ ሰልፍ አይጠብቅም። የሩቁን ሁሉ እያዘንን ከተውነው ነገ እኔን አንተና ዘነበች ብቻ ትሸከሙኛላችሁ።»

ጋሽ ከድር የጋሽ ተፈራን ሆድ በዓይናቸው መዘኑ።

እኔ እጄን ያወጣሁት እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም የሚያስደስት ሐሳብ ነበረኛ። መጽሐፉ ውስጥ ሳነብ ራሴን የደነቀኝ ነገር ነው፤ ለእናንተም በአጭሩ ልንገራችሁ። ጃፓን ንጉሠ ነገሥት እያላት፣ አገሩን በእውነት የሚገዛው ሾጉን የሚባል የጦር አለቃ ነበር። መኳንንቱ በየአውራጃው ተበትነዋል። ታዲያ ሾጉኑ ርቀው ሄዱ ብሎ አልሰረዛቸውም። በተራ አደረገው። እያንዳንዱ መኮንን አንድ ጊዜ በአውራጃው፣ አንድ ጊዜ ሾጉኑ ባለበት በኤዶ እየተቀመጠ ያገለግላል። በዚህ ዘዴ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ጸጥ ብሎ ገዛ። እኔም ያልሁት ይህንኑ ነው፤ የሩቆቹ አባሎች በተራ ይከፋፈሉ፤ ተረኛው ግዴታ ይምጣ፤ ተራው ያልሆነው አይጠየቅ።

ግን «ጃፓን ውስጥ...» ብዬ ስጀምር፣ አግዳሚው ላይ ያንቀላፋው አባል ሁሉ ነቃ።

«ጃፓን እኮ ከእኛ እኩል ነበረች» አሉ አንድ ሰውዬ ከኋላ።

«እኩል? ከኋላችን ነበረች እንጂ» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ቀጥል ልጄ።»

አንገቴን ነቀነቅሁና ቀጠልሁ። ስጨርስ ጋሽ ተፈራ ወንበራቸው ላይ ተለጠጡ። ሾጉን የሚለው ስም ተስማማቸው መሰለኝ፣ ለራሳቸው ቀስ ብለው ሁለት ጊዜ አሉት።

«ጥሩ ነው። ተራ... ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ተረኛው ባይመጣስ? ሾጉኑ ምን ያደርገው ነበር?»

እዚህ ላይ ነበር «መጽሐፉ አይናገርም» ማለት። ግን እኔ ለጥያቄ ሁሉ ሙሉ መልስ የምሰጥ ተማሪ ነኝ።

«ይመጣል። ሚስቱና ወራሽ ልጁ ኤዶ ይቀመጣሉ።»

«ለምን?»

«እንዲያው... እንዲመጣ።»

«እንደ መያዣ?»

«እንደ መያዣ።»

ጋሽ ከድር ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄ ልጅ ለጽጌ ስንተኛዋ ነው?» አሉ።

«አንድ ለእናቱ» አሉ እትዬ ዘነበች።

በአፍ ይጠፉ፣ በለፈለፉ።

ይህ በሌላ አገር ቀልድ ተብሎ ይታለፍ ነበር። በእኛ ዕድር ግን አንድ ነገር ከጃፓን መጣ ከተባለ መኪናም ይሁን ቅጣት ሳይፈተሽ ይገባል። ጋሽ ተፈራ ግን ከጃፓን መጣ መባሉም ቅር አላቸው። «ደግሞ ይሄ የነሱ አይደለም» አሉ ጣታቸውን ቀስረው። «የኛ መኳንንት ልጆች ቤተ መንግሥት አይደለም እንዴ ያደጉት? አባትየው አውራጃ ሆኖ ልጁ እዚህ? ከኛ አይተው ነው የወሰዱት።» ጃፓን ያኔ በሯን ዘግታ ሰው እንዳይገባም እንዳይወጣም ከልክላ እንደነበር፣ የእኛን ቤተ መንግሥት የሚያይ ጃፓናዊ ሊኖር እንደማይችል ላስረዳ ነበር። አንገቴ ግን ቀድሞኝ ነቀነቀ።

ውሳኔው እንዲህ ሆነ። ጽጌ አትሰረዝም። ልጇ በዕቃ ቤቱ እያደረ በእሷ ፈንታ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያወጣል፣ ሬሳ ይሸከማል። እሷ ደግሞ ልጇ እዚህ ስላለ ልቧ አያርፍም፤ ቀብር ሲኖር በጊዜ ትደርሳለች። ሁሉም አጨበጨበ። በስብሰባ ታሪኬ የተጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ለእናቴ ስነግራት ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

«ዕቃ ቤቱ ከዩኒቨርሲቲህ ምን ያህል ይርቃል?» አለችኝ።

«በእግር ይደረሳል።»

«እንግዲያስ ሰው ማስደሰት ችለህበታል» አለችና ብርድ ልብሴን ማጠፍ ጀመረች።

እነሆ የዕድር መያዣ ሆኜ መኖር ጀመርሁ። ፍራሼ የተጠቀለለው ድንኳን ነው። ሰው ከሞተ በኋላ የሚዘረጋለትን እኔ በቁሜ ተኛሁበት። ራስጌዬ ትልቁ ወጥ ድስት ነው፤ ግርጌዬ የአግዳሚ ክምር። መጽሐፉ እንደሚለው የሾጉኑ ዘበኞች በየኬላው ቆመው ሁለት ነገር ይፈትሹ ነበር፤ ወደ ኤዶ የሚገባ ጠመንጃና ከኤዶ ሾልካ የምትወጣ የመኮንን ሚስት። እኔን የሚፈትሹኝ እትዬ ዘነበች ናቸው። ስወጣ የመጽሐፍ ቦርሳዬን ከፍተው ያያሉ።

«እትዬ ዘነበች፣ ምን እንዳልወስድ ነው?»

«ክዳን።»

«የድስት ክዳን ምን ያደርግልኛል?»

«እሱን አንተ ነህ የምታውቀው። ስንት የተማረ ሰው ነው ክዳን የወሰደብኝ።»

የሚገርማችሁ ግን ይህ አይደለም። ወሬው ወደ ተበተኑት አባሎች ደረሰ። የሾጉኑ መኳንንት ልጃቸውን ኤዶ ትተው ሲሄዱ ምን እንደተሰማቸው መጽሐፉ ባይነግረኝም፣ ተራዬ ይድረሰኝ ብሎ ሰልፍ የያዘ አባት ግን አላነበብሁም። የእኛዎቹ ሰልፍ ያዙ። አንዱ ከየካ አባዶ ደውለው «ሁለት ወንዶች አሉኝ፤ የፈለጋችሁትን ምረጡ» አሉ። አንዷ «ሴት ልጅ ትያዛላችሁ? ቦሌ ነው ሥራዋ፤ ታክሲ ጨረሳት» አሉ። አንድ ሰውዬ ልጅ ስላልነበራቸው የወንድማቸውን ልጅ ከነሻንጣው ይዘው መጡ። ገና ከቀብር ሳንቀር ቅጣት ጣሉብን፣ ልጃችንን ያዙልን፣ ብቻ መሀል ከተማ ይደር! ዕድሩ ይህን ሁሉ ሰልፈኛ ያየው ለአባልነት ሳይሆን ለእስራት ነው። ጋሽ ከድር ስልኩን አዳምጠው ሲዘጉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጋሽ ተፈራ፣ ይሄ መያዣ አይደለም። ፔንሲዮን ነው የከፈትነው።»

ጋሽ ተፈራ ግን ሾጉንነታቸውን ለመተው ልብ አልነበራቸውም። «ልጆቹ ይግቡ፤ ዋናው ወላጆቹ ይመጣሉ ወይ ነው» አሉ። «የሚመጣው ቀብር ይፈትነዋል።»

ፈተናው ሳይቆይ መጣ። ከቀድሞ ጎረቤቶቻችን አንዲት ሸምገል ያሉ እናት አረፉ። እናቴ የምትወዳቸው ሴት ናቸው፤ ከአጥር ወዲህና ወዲያ ሆነው ጨውና በርበሬ ሲቀባበሉ ነው የኖሩት። ለእኚህ ካልመጣች ለማንም አትመጣም። ማለዳ ተነስቼ ፍራሼን ተከልሁት። ወንበር አወጣሁ። በእናቴ ተራ ቆሜ ከቃሬዛው አንዱን እጀታ ያዝሁ፤ በጉዞው ሁሉ ከኋላዬ ነጠላ ያዘቀዘቀች አጭር ሴት ትኖር እንደሆነ እየዞርሁ አያለሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጃፓንንም ሾጉንንም ረስቼ ነበር። ብትቀር ጋሽ ተፈራ እንደሚሰርዟት አውቃለሁ፤ ከተሰረዘች ደግሞ አባቴን ያነሳው እጅ እሷን አያነሳትም።

ቀብሩ አለቀ። እናቴ አልመጣችም። ከመያዣዎቹ ወላጆችም አንድ ሰው አልመጣም።

ለምን ይመጣሉ? ልጃቸው ተክሏል፣ ልጃቸው ተሸክሟል፣ ስማቸው ተጠርቶ ልጃቸው «አለሁ» ብሏል። ሾጉኑ ዘዴውን ያወጣው አባት ወደ ልጁ እንዲሮጥ ነው። የእኛ ዕድር ወርሶት አባት ከልጁ የሚያርፍበት ዘዴ አደረገው። ከባዕድ አገር ያልሰማነው ጥበብ የለም፤ ወደ መኝታ የማንለውጠው ግን አልተገኘም።

ጋሽ ተፈራ ድንኳኑ ውስጥ ስልካቸውን አወጡ። ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት። እኔ ካስማ እየነቀልሁ ነበር፤ ቀጥ አልሁ። እትዬ ዘነበችም ድስት ማጠባቸውን አቆሙ።

«ጽጌ።»

«አቤት ጋሼ። ነፍስ ይማር። ዛሬ ጉልበቴ...»

«ጉልበትሽን ተይው። ልጅሽ እኛ ዘንድ እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ተሸከመ?»

«ተሸክሟል።»

«ስሜ ሲጠራ አለሁ አለልኝ?»

«ብሏል።»

«እንግዲያ አልተሰረዝሁም።»

ጋሽ ተፈራ ጋሽ ከድርን አዩ። ጋሽ ከድር የድንኳኑን ጣሪያ አዩ። ልጇ «አለሁ» ያለላትን አባል ቀርታለች ብሎ መሰረዝ በገዛ ውሳኔያቸው አይቻልም።

«አልተሰረዝሽም» አሉ በመጨረሻ። «ግን ስሚኝ። ለሚመጣው ቀብር አንቺ ራስሽ ካልመጣሽ... ማለቴ... በቃ፣ ልጁን አንለቀውም።»

ካስማውን እንደያዝሁ ጠበቅሁ። አሁን ደነገጠች፣ አሁን ነጠላዋን ፈለገች፣ አሁን ወደ ደረጃው ሮጠች ብዬ አሰብሁ።

«ቁርስ ይበላል?» አለች እናቴ።

«ይበላል። ዘነበች አለችለት።»

«ምሳስ?»

«ምሳም።»

«ያጠናል?»

«ኧረ ያጠናል፤ መጽሐፍ ላይ ነው የሚውለው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ» አለች እናቴ ረጋ ብላ። «እስከ ምርቃቱ አይልቀቁብኝ።»